ቦርሳ የምይዘው እኔ ነኝ

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ወረቀቱ የኔ ነው፤ ኮፒ ቤት ነው ያለኝ። ሞኙ ደግሞ ጎረቤቴ ነው። ሰውን እንዲህ ትሰድባለች ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ፤ እንደ ወንድሜ ነው የማየው፣ ወንድሟን የማትሰድብ እህት ደግሞ የት አለች?

ሰፈሩ «ጠብታ» ይለዋል። ቧንቧ ጠጋኝ ነው። የሚያፈስ ቧንቧ ባየ ቁጥር «ጠብታ ናት ቤት የምታፈርስ» ሳይል መፍቻ አያነሳም፤ ስሙ ከዚያ ወጣ። እኔን «እትዬ ኮፒ» ይሉኛል። ሱቆቻችንን የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። የሱ ሱቅ አንዲት በር፣ ጎሚኒ፣ ማለትም የቧንቧ ማሸጊያ ጎማ፣ የሞላበት መደርደሪያ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ቱቦዎችና አንድ በርጩማ ነው። ሲያስል እሰማዋለሁ። የኔ ማሽን ወረቀት ሲይዝብኝ ደግሞ እሱ ከወዲያ ሆኖ «አልለቅም አለ እንዴ?» ብሎ ይጮህልኛል።

ሥራው ሥራ ነው፤ ግን አንድ ክፉ ነገር አለው። ጠብታ የነካው ቧንቧ ተመልሶ አያፈስም። ዛሬ የጠራው ሰው ለብዙ ጊዜ አይጠራውም፣ ስሙንም ይረሳዋል። «አንተ ሰውዬ፣ ገበያህን ራስህ እየገደልክ እኮ ነው፤ ማስታወቂያ ሥራ» አልኩት። «ማስታወቂያ የሀብታም ነው» አለኝ። ወይ ጉድ! ማስታወቂያ ማለት ትልቅ ሰሌዳና መብራት የሚመስላችሁ ሁሉ ይህን ስሙ። ስልክህን በትንሽ ወረቀት አሳትመህ በእቃ ማጠቢያው ሥር፣ በቁም ሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፍ አልኩት። ቧንቧው ሲፈነዳ ሰውየው አንገቱን የሚያስገባው የት ነው? እዚያው ነው! የፀጉር አስተካካዩን ቧንቧ በነጻ ሥራለት አልኩት፤ የሱ አፍ ከመቀሱ እኩል ነው የሚሮጠው። ከዚያ ደግሞ ታችኛው ጫፉ እየተቆረጠ የሚወሰድ ማስታወቂያ ሠራሁለት፤ በየቁራጩ ላይ ስልኩ አለበት፣ መንገደኛ ቀደድ አድርጎ ኪሱ ይከተዋል።

ያንን ጫፍ በመቀስ እየሸነሸነች የምታግዘኝ ልጁ ነበረች። ፒንሳ እንላታለን። እናቷ የሞተችው እሷ ገና ዳዴ ስትል ነው፤ አባቷ ትቷት የሚሄድበት ቢያጣ በየሥራው ይዟት ሲዞር ነው ያደገችው። ጣቶቿ ቀጫጭን ናቸው፣ ግን የጨበጡትን አይለቁም፤ «ፒንሳዬ» ብሎ ስም ያወጣላት ራሱ ነው። ወረቀት ስትቆርጥ እኔ አፌን አላሳርፍም፤ «ይኸውልሽ ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ወረቀት ምንም አይደለም፤ ከሁሉ የሚረክሰውም የሚበልጠውም ማስታወቂያ የሰው አፍ ነው። አንድ ሰው ‹እሱን ጥራ› ካለ አለቀ» እላታለሁ። እሷ ፈገግ ብላ «እሺ እትዬ» ትለኛለች። ወሬ የማታበዛ ልጅ ነበረች።

በነሱ ሙያ አንድ ልማድ አለ። ጌታው ባዶ እጁን ከፊት ይሄዳል፤ ተማሪው የመሣሪያውን ቦርሳ ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል። ደንበኛ በር ሲከፍት ባለሙያው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም። ተማሪው የበቃ ዕለት ጌታው ዞር ብሎ ቦርሳውን ከትከሻው ይቀበለዋል። በቃ፣ ምረቃው ያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ጠብታም እንዲሁ ነው የተመረቀው፤ ያን ቀን ሲያወራ እስከ ዛሬ ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

ታዲያ ልጁን አልተቀበላትም። ለአቅመ ሔዋን ደረሰች፣ እሱ መነጽር አድርጎ የማያየውን ስንጥቅ እሷ በመዳፏ ዳብሳ ማግኘት ጀመረች፣ አሁንም ቦርሳ ይዛ ከኋላው ነች። «ኧረ ይቺን ልጅ መቼ ነው የምትቀበላት?» ስለው «ትንሽ ትቆይ» ይላል። ነገሩ ገብቶኛል። ፈርቶ ነው። ቦርሳውን ከተቀበላት በኋላ ደንበኛው ማንን ሊጠራ ነው?

የፈራውም አልቀረ። ማስታወቂያው ሠርቶ ስልኩ መጮህ ሲጀምር፣ ሰዉ «ልጅቷን ላክልን» ማለት አመጣ። አንድ ቀን አራተኛ ፎቅ የምትኖር አስተማሪ ጠራቻቸው። የማድቤቷ ግድግዳ ረጥቧል፣ ቀለሙ ተላልጧል፤ ከየት እንደሚያፈስ የሚያውቅ የለም። ጠብታ አየና ግድግዳው ሙሉውን ይፍረስ አለ። ፒንሳ መዳፏን ለጥፋ ከላይ እስከ ታች ዳበሰችና «አባዬ፣ እዚህ ጋ ነው» አለች። እጅ የማያስገባ ቀዳዳ ቢበሱ ቱቦው እዚያው ጋ ተሰንጥቆ ተገኘ። ጠግናው ስታበቃ የእቃ ማጠቢያውንም ላየው ብላ ከሥሩ ገባች። አስተማሪዋ በጣም ተደሰተችና «ጋሼ፣ እርስዎ አሁን ይረፉ፤ ከእንግዲህ እሷን ብቻ ይላኩልን» አለችው።

ጠብታ ሳቀ። «እሷን? እሷ ምን ታውቃለች፣ ቦርሳ ያዥ ናት እኮ!» አለ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ልጅቱ ጭንቅላቷ እቃ ማጠቢያው ሥር ነበር፣ ጆሮዋ ግን ውጪ ነው። የጀመረችውን አጥብቃ ጨረሰች፣ የፈሰሰውን ውሃ በጨርቅ ወለወለች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ከኋላው ተከትላ ሱቅ ድረስ መጣች። ቦርሳውን በርጩማው ላይ አስቀመጠችው። እዚያ ቤት የሆነውን በኋላ ያወራችኝ አስተማሪዋ ናት፤ «ምነው ባላመሰገንኳት» እያለች።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ስከፍት ፒንሳ ቆማ ጠበቀችኝ። የትምህርት ማስረጃዋን ኮፒ አስነሳች። «ሥራ ልትቀጠሪ ነው?» አልኳት። «አዎ እትዬ» አለች። «አባትሽ ያውቃል?» አልኳት። «ያውቃል» አለች። ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው አቅጣጫ ሄደች። ከልጅነቷ ጀምሮ ትከሻዋ ላይ ቦርሳ ሳይኖር ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አረማመዷ ሁሉ እንግዳ ሆነብኝ።

የት እንደሄደች የሚያውቅ ጠፋ። ስልኳ ተዘጋ። ጠብታ መናኸሪያ ሄዶ ትኬት ቆራጩን ጠየቀ፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቿን አንድ በአንድ ጠየቀ፣ መጨረሻ እኔ ጋ መጥቶ ወንበሬ ላይ ዘፍ አለ። «ቀልዴን ነበር እኮ» አለኝ።

«ቀልድህ ገደል ይግባ!» አልኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እሱንም አልኩት። ደግሞ ፊቱን ሳየው ውሃ ቀድቼ ሰጠሁት፣ ብርጭቆውን ይዞ ሳይጠጣው ቀረ።

ብዙ ቆይቶ አንድ ቀን መጣና «ያንን ማስታወቂያ አትሚልኝ፣ ብዙ አርጊው» አለኝ። እሰይ አልኩ፤ ሰውየው ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ቀን ወጣለት ብዬ አትሜ ሰጠሁት። ከዚያ እህቴን ልሸኝ መናኸሪያ ብሄድ ምን ልይ! የጠብታ ማስታወቂያ በየምሰሶው፣ በየመቀመጫው ጀርባ፣ በትኬት መቁረጫው መስኮት ዙሪያ ተለጥፏል። ደሜ ፈላ። መንገደኛ ቧንቧውን በሻንጣ ይዞ ይዞራል እንዴ? ወረቀቴ፣ ቀለሜ፣ ድካሜ ሁሉ እዚያ የተሳፋሪ ወገብ ይታከክበታል!

ተመልሼ ሱቁ ገባሁና «አንተ ሰው፣ ጤና የለህም? ቧንቧ የሚያፈሰው ቤት ነው፣ ቤት!» አልኩት።

«መንገደኛም ቤት አለው» አለኝ ቀና ሳይል።

«ቤቱ ሌላ አገር ነዋ!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ።»

ያኔ ገባኝ። ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ፤ ቱቦዎቹ ሥር ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። «ለልጅቷ ነው?» አልኩት። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ጎሚኒ ጣቱ ላይ አጥልቆ ያሽከረክራታል።

እኔ ደግሞ ሙያዬ ነውና ዝም ማለት አልሆነልኝም። «እንዲህ ከሆነማ የጻፍነው ነገር አይረባም» አልኩት። «ማስታወቂያ የሚጻፈው ለደንበኛው ነው። ያንተ ደንበኛ አንዲት ልጅ ናት። ‹የቧንቧ ጥገና› ብለህ ብትለጥፍላት ምን ይፈይድላታል? ቧንቧ መጠገን እንደምትችልማ ታውቃለች። ሌላ ምን የምትላት አለህ?»

ከቀናት በኋላ እጁ ሲሚንቶ እንደነካ መጣና ከማሽኔ አጠገብ ቆሞ «ጻፊ» አለኝ። እሱ አለ፣ እኔ ጻፍኩ፦

«የቧንቧ ጥገና። ባለሙያዋ ልጄ ናት። ቦርሳ የምይዘው እኔ ነኝ።»

ከሥሩ ስልኩ።

እጄ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ቀረ። «በዚህ ዕድሜህ እንዲህ ብለህ አደባባይ ልትወጣ? ሰው ይስቅብሃል እኮ» አልኩት።

«ይሳቅ» አለኝ። «እሷም የሰማችው ሰው ፊት ነው።»

አተምኩ። የእህቴ ባል የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ክምሩን ሰጠሁት። በየመቀመጫው ጀርባ ለጠፈው፣ ምሳ በሚቆምባቸው ምግብ ቤቶች በር ላይ ለጠፈው፣ በየመናኸሪያው ላሉት ሹፌር ጓደኞቹ አከፋፈለው። ለጫኝ ለአውራጅ ሳይከፈል አገር ያዳረሰ ማስታወቂያ እሱ ብቻ ነው።

ሳቁማ ተሳቀ። ፀጉር አስተካካዩ ለደንበኞቹ ጮክ ብሎ ያነብላቸው ነበር። «ጠብታ፣ ጌታህ የት አለች?» የሚለው በዛ። ግን ያ ማስታወቂያ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዘመኔ እንደሱ የሠራልኝ የለም። ያየው ሰው ሁሉ ለሌላው ያወራል። ስልኩ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮሃል። የሚደውለው ሁሉ ደግሞ «ባለሙያዋን ላክልን» ነው የሚለው።

«መንገድ ላይ ናት» ይላል ጠብታ። «እስክትመጣ እኔ ልምጣ?»

አንዳንዱ ይሁን ይለዋል፣ አንዳንዱ ጆሮው ላይ ይዘጋበታል። በግድግዳዬ በኩል ሁሉንም እሰማለሁ። «መንገድ ላይ ናት» ባለ ቁጥር «እኔን ቁርጥ ያርገኝ» እላለሁ። ቦርሳውን አሁን ራሱ ነው የሚሸከመው፤ ከባድ ነው፣ ብረት ነው፣ ግራ ትከሻው እየወረደ መጣ። ደንበኛ በር ሲከፍትለት ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል አሉ፣ ከፊቱ የሚገባ ሰው ያለ ይመስል። ደንበኛውም ቦርሳውን አይቶ ባለሙያዋን ፍለጋ ከኋላው ያማትራል። የለችም። ምን ዓይነት ቅጣት ነው ይሄ? በራሱ እጅ የለጠፈው ወረቀት በየቀኑ ፊቱ ላይ ይነበብለታል። «እባክህ ይብቃህ፣ እንላጠው» ስለው «ገና አላየችው ይሆናል» ይለኛል። አልሰሜን ግባ በለው!

ክረምቱ ወጣ። የእህቴ ባል ከጉዞ ሲመለስ በቀጥታ እኔ ጋ መጣና ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። አውቶቡሱ መጨረሻ ከሚደርስበት ከተማ፣ ከመብራት እንጨት ላይ ነው የላጠው። ታችኛው ጫፉ እየተቆረጠ እንዲወሰድ ተደርጎ ተሸንሽኗል፣ ልክ እኔ እንዳስተማርኳት። እንዲህ ይላል፦

«የቧንቧ ጥገና። ግድግዳ ሳላፈርስ የሚያፈስበትን አገኛለሁ። ቦርሳዬን ራሴ እይዛለሁ።»

ስም የለውም፤ ስልክ ብቻ። ስም ምን ያደርጋል! እልል ልበል ላልቅስ ቸገረኝ። በሕይወት አለች። ሠርታ ትበላለች። ደግሞም አንብባለች፣ ይኸው መልሷ።

ጠብታን ጠርቼ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፣ ተቀምጦ ደገመው። «ግድግዳ ሳላፈርስ... አየሽ? አየሽልኝ? እሷ ናት!» አለ፣ ጥርሱ ሁሉ ታየ። ከዚያ ጣቱ ወደ መጨረሻው መስመር ወረደና እዚያ ቆመ። ፈገግታው እንዴት እንደጠፋ አላየሁም፤ ቀና ስል ፊቱ ላይ የለም።

«ደውልላት» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«አባትሽ ነኝ በላታ! ሌላ ምን ትላለህ?»

እጁን በሳሙና ታጠበ፣ እስከ ክርኑ። እጁ እርጥብ ስለሆነ በኔ ስልክ ደውዬ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ተነሳ።

«ሃሎ፣ የቧንቧ ጥገና።»

ድምፅዋ ጎርነን ብሏል፣ ግን እሷ ናት። ጠብታ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። በአገጬ ወደ ስልኩ እጠቁመዋለሁ።

«ሃሎ... ቧንቧ... ቧንቧ ያፈስብኛል» አለ።

ጭኔን መታሁ። አይ ሰው!

የዘጋች መስሎን ነበር። ከዚያ ለደንበኛ እንደሚነገረው በቀስታ «የት ጋ ነው የሚያፈሰው?» አለች።

«ግድግዳ ውስጥ ነው። ቦታውን ማግኘት አቃተኝ።»

«በመዳፍዎ ዳበሱት?»

«ዳበስኩት። እጄ አሁን አልሰማ አለኝ።»

ውሃ ሲወርድ ይሰማል፤ ከፍታው የረሳችው ቧንቧ ይሆናል። «ሰፈርዎ የት ነው?» አለች። ነገራት። እስትንፋሷ ይሰማኛል፣ ይቆራረጣል።

«ለኔ ሩቅ ነው፣ አልደርስም» አለች። «እዚያ ሰፈር ግን ጥሩ ባለሙያ አለ። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። እሱን ይጥሩ።»

«አርጅቷል ይባላል» አለ ጠብታ።

«ሙያው አላረጀም። ቦርሳው ከከበደው ደግሞ ያዥ ይቅጠር።»

ዘጋች። ጠብታ ስልኩን እያየ «እሺ» አለ፣ ከተዘጋ በኋላ።

እኔ እንባዬም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። «ምነው ምላስህን ምን ያዘው! ልጄ ይቅር በዪኝ ማለት እንዲህ ይከብዳል?»

«ብያለሁ እኮ» አለኝ። «አገር ምድሩ ላይ ለጥፌዋለሁ እኮ።»

«ለጠፍክ እንጂ መች አልካት!»

ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ደንበኛ ሊገባ ሲል በሩን መለስኩበት። በማግስቱ በራሱ ስልክ ደወለ፣ በሌላውም ቀን ደወለ፤ የሱን ቁጥር ስታይ አታነሳም። ልሂድ አለና የእህቴ ባል አሳፈረው። እዚያ ደርሶ ማስታወቂያዋን በየመንገዱ አየ፣ የምትሠራበትን ሱቅ ከማዶ ሆኖ አየ፣ እሷንም አያት፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቀና ብላ ስትሄድ። ሳይጠራት በዚያው አውቶቡስ ተመለሰ። «ምነው?» ስለው «አረማመዷ ደስ ይላል» አለኝ፤ ሌላውን የነገረኝ የእህቴ ባል ነው።

ከዚያ ወዲያ ወረቀት አትሚልኝ አላለም። መናኸሪያ ያሉትን ፀሐይ በላቸው።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ደወለች። ከዚያ ከሩቁ ከተማ ወደዚህ አዲስ የገቡ ቤተሰብ ናቸው። «ማን ነው ስልኬን የሰጠዎት?» ሲላት በግድግዳው እሰማለሁ። ከዚያ ቦርሳውን ሳያነሳ እየሮጠ እኔ ጋ መጣ። «እዚያ ቧንቧቸውን የምትሠራላቸው ባለሙያ ናት የሰጠቻቸው» አለኝ። «‹ከሱ የሚበልጥ አታገኙም፣ እሱን ጥሩ› አለቻቸው።» የበሬን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

ከዚያ ጀምሮ አልፎ አልፎ ትልክለታለች። አንድ ነጋዴ፣ አንዲት ነርስ፣ ልጁን ሊያስተምር የመጣ ሰው፤ ከዚያ ወደዚህ የሚመጣ ሁሉ ስልኩን ይዞ ይመጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ማስታወቂያ የሰው አፍ ነው ብዬ እኔው ነኝ ያስተማርኳት፤ እኔን ቁርጥ ያርገኝ፣ እንዲህ ትጠቀምበታለች ብዬ መች አሰብኩ! ጠብታ ስልክ ሲጮህ አሁን እጁን ሳይጠርግ አያነሳም። የመጀመሪያ ጥያቄው ቧንቧው አይደለም፤ «ማን ላከዎት?» ነው። የሰፈር ሰው ከሆነ ቦርሳውን ብድግ አድርጎ ይሄዳል። እሷ የላከችው ከሆነ ግድግዳውን መታ መታ ያደርግና «ዛሬም አንድ ላከችልኝ» ይለኛል።

«እሷስ?» እለው ነበር ድሮ። አሁን «እሰይ፣ ሂድ በል፣ ጠብታ ናት ቤት የምታፈርስ» ብዬ እሸኘዋለሁ። ቦርሳውን ሲያነሳ ብረቱ ይንኳኳል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሳሉ እየራቀ ይሄዳል። ደንበኛ ትልክለታለች። እሷ ግን አልመጣችም።